ባለ 6 ፈረሱ ሞተር

አዲስ አበባ ባሕር የላትም፤ ሐይቅም የላትም። ያሏት ቀበና፣ ግንፍሌና አቃቂ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ጀልባ ልንዳ የሚል ሰው ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ ገርጂ ውስጥ በአንድ ግቢ በረንዳ ላይ፣ ከጣውላ በተሠራ ማቆሚያ የተሰቀለ የጀልባ ሞተር አይታችሁ ብትገረሙ አልፈርድባችሁም። ጎረቤቶቻችን የውኃ ፓምፕ ይመስላቸዋል። ቆራሌው በኪሎ ስንት እንደሚያወጣ በዓይኑ መዝኖ ጨርሷል። "እማማ፣ ይቺን ልግዛዎት?" ባለ ቁጥር እናቴ "ባለቤቱን ጠይቅ" ትለዋለች። ባለቤቱ አባቴ ነው፤ መልሱም የታወቀ ነው።

ነገሩ ግን የሚመስለውን ያህል እንግዳ አይደለም። በከተማዋ ምሥራቅ በኩል ለምንኖር ሰዎች ውኃው ቅርብ ነው። ከጎሮ ተነሥታችሁ ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱን ከያዛችሁ ቢሾፍቱ ለመድረስ ብዙ አትቆዩም፤ ባቦጋያ ሐይቅ እዚያ ነው። ላንጋኖም ቢሆን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ልጆች እያለን ቅዳሜና እሁድን በእነዚህ ሐይቆች ዳር የሚያሳልፉ የቦሌ ቤተሰቦች እናውቅ ነበር። ጀልባው እዚያው ሐይቁ ዳር ይቀራል፤ ሞተሩ ግን ውድ ዕቃ ነውና በመኪና ተጭኖ ወደ ቤት ይመለሳል። እናንተም ዕቃ ቤታችሁን ብትፈትሹ፣ ከተሰበረው አልጋና ከድሮው ምድጃ ጀርባ በጆንያ የተጠቀለለ አንድ ከባድ ነገር ልታገኙ ትችላላችሁ። ባታገኙም አባቶቻችሁ ከቆሻሻ መጣያ የሚከላከሉት ሌላ ነገር አይጠፋም።

የእኛው ጆንሰን ነው። ባለ 6 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ዘይትና ቤንዚን አንድ ላይ ተቀላቅሎለት የሚሠራ ባለ ሁለት ምት ሞተር፤ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ አሜሪካ የተሠራ። ክብደቱ 25 ኪሎ ያህል ስለሆነ አንድ ጎልማሳ ብቻውን ያነሣዋል፤ ወገቡን እየረገመ። ከጀልባው ጭራ ላይ በሁለት ብሎን ይታሰራል፤ ሞተሩ ከላይ ነው፣ ረጅሙ እግሩ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ከእግሩ ጫፍ ፕሮፔለሩ ይሽከረከራል። አባቴ የገዛው በ1969 ዓ.ም. ነው። ያኔ አሜሪካውያንና ሌሎችም የውጭ ዜጎች ዕቃቸውን እየሸጡ ከአገር የሚወጡበት ጊዜ ነበር። እናቴ ፍሪጅ ገዝቶ እንዲመጣ ላከችው፤ እሱ የጀልባ ሞተር ይዞ ገባ። ጀልባ አልነበረንም። ይህ ታሪክ በቤታችን በየበዓሉ ይነሣል፤ እናቴ በነገረችው ቁጥር ፍሪጁ ትንሽ ትንሽ እየተለቀ ይሄዳል።

የጀልባ ሞተር አመጣጡም ቢሆን ከእንዲህ ያለ የቤት ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። ትውልዱ ኖርዌይ የሆነው ኦሌ ኤቪንሩድ የሚልዋኪ ነዋሪ ነበር። አንድ ሞቃት ቀን ለእጮኛው አይስክሬም ሊያመጣላት ሐይቁን በመቅዘፊያ ሲሻገር አይስክሬሙ ቀልጦ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሞተር ማሰብ የጀመረው ይባላል። የአይስክሬሙን ነገር እንደ ተረት ውሰዱት። በ1909 እ.ኤ.አ. ሞተሩን መሸጥ መጀመሩ ግን እርግጥ ነው፤ የንግዱን ሥራ ደግሞ ያችው እጮኛው፣ በኋላ ባለቤቱ ቤስ፣ ታካሂደው ነበር። የጆንሰን ወንድማማቾች ደግሞ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቀለል ያለ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ይዘው ብቅ አሉ። ሁለቱም ስሞች በ1930ዎቹ በአንድ ኩባንያ ሥር ገቡ፤ ያ ኩባንያ በ2000 መጨረሻ ከሰረ፤ በ2020 የኤቪንሩድም ሞተር መመረት አቆመ። እንግዲህ አባቴ የሚያስታምመው ሞተር ወላጆቹን የቀበረ ነው።

አሁን ነገሩ ለምን ተነሣ? ዕቃ ቤቱ ያለበት የጓሮ ቤት ሊፈርስ ነው። አባቴ ደግሞ 81 ዓመቱ ነው፤ ፓርኪንሰን ከያዘውም አራተኛ ዓመቱ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ በስልክ "ፎቶ አንሡትና ጣሉት" አለች። አባቴ ሰማና "ተነሥቶ ሳልሰማው ከዚህ ግቢ አይወጣም" አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የመመሪያ መጽሐፉ ከጠፋ ቆይቷል። ያንን ሞተር ፈትቶ የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ የሚያውቀውም በጣቶቹ ነው። ጣቶቹ ደግሞ ዳዶ መያዝ አቁመዋል።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰሚት እየመጣሁ እጁ ሆንኩለት። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው በቤታችሁ ካለ ታውቁታላችሁ፤ መድኃኒቱ ከተዋጠ በኋላ ሰውነቱ የሚፍታታበት፣ ንግግሩም የሚጠራበት ሰዓት አለ። የእኛ የሥራ ሰዓት ያ ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ግድም። አምስት ሰዓት ሲያልፍ ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል፤ ያኔ የተፈታውን ሁሉ በእናቴ የእንጀራ ሰፌድ ላይ ደርድረን ጨርቅ እናለብሰዋለን። ሰፌዱ አሮጌው ነው።

ቋንቋውን መልመድ ራሱ ጊዜ ወሰደብኝ። የመካኒኮቻችንን አማርኛ ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፑንቲና፣ ቦቢና፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ፤ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ ሻማ ማለት ነው፤ ቴስታታ ከራስ የመጣ ነው። እናም ገርጂ ላይ ተቀምጠን የአሜሪካ ሞተር በጣሊያንኛ ስንፈታ ከረምን።

የመጀመሪያው ሥራ መታገሥ ነው። ብዙ ዓመት የቆመ ሞተር አግኝታችሁ እንደሆነ ገመዱን ለመሳብ አትቸኩሉ። ሁለቱን ካንዴላዎች ፈትታችሁ በቀዳዳዎቹ የሞተር ዘይትና ናፍጣ ቅልቅል ጥቂት ጠብ አድርጉና ለሳምንት ተዉት። ከዚያ ቮላኖውን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። ካልዞረ ሌላ ሳምንት ጠብቁ። በጉልበት ከታገላችሁት ዝገት የያዘው ፋሻ ይሰበራል፤ የሲሊንደሩንም ግድግዳ ይጭረዋል። የእኛው በሁለተኛው ሳምንት ዞረ። አባቴ ቀዳዳው ላይ አውራ ጣቴን አስደግፎ ግፊቱን አስለካኝ፤ በኋላ ከአንድ ጋራዥ በተዋስነው መለኪያ አረጋገጥነው። የቁጥሩ ትልቅነት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ሁለቱ ሲሊንደሮች የሚቀራረብ ቁጥር ማሳየታቸው ነው ዋናው ነገር።

ቀጥሎ እሳት። በዚህ ዓይነት ሞተር የእሳቱ ዕቃ ሁሉ ከቮላኖው ሥር ተደብቋል፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና፣ የራሱ ፑንቲና። ቮላኖውን ለማውጣት መዶሻ አንሡ የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ከግቢያችሁ አስወጡት፤ ውስጡ ማግኔት አለ፣ ጠርዙም ከተመታ ይጣመማል። ቮላኖው ላይ ለማውጫ ተብለው የተሠሩ ሦስት የጥርስ ቀዳዳዎች አሉ። ሠፈራችን ካለ ቶርኖ ቤት ሄጄ በአባቴ ንድፍ ወፍራም ላሜራ ላይ ሦስት ቀዳዳ ዙሪያውን፣ አንድ ደግሞ መሐል አስበሳሁ። የቶርኖ ቤቱ ሽማግሌ ንድፉን ገልብጠው ገልብጠው አዩና "ይህን የሣለው ማነው?" አሉኝ። የአባቴ መስመር ይንቀጠቀጣል፤ ልኩ ግን አንድ ሚሊ ሜትር አልሳተም። አባቴ መሆኑን ስነግራቸው ክፍያውን ለመቀበል አስቸገሩኝ።

ከቮላኖው ሥር ሁለቱም ቦቢናዎች ተሰነጣጥቀው አገኘናቸው፤ ስልሳ ዓመት ገደማ የሞላው ሽፋን ሌላ ምን ይሆናል? ፑንቲናዎቹ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ተጠርገው ክፍተታቸው 0.5 ሚሊ ሜትር ላይ ይስተካከላል፤ የካንዴላው 0.75 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ቦቢና ግን አይጠገንም። ሶማሌ ተራን ከላይ እስከ ታች ዞርኩ፤ የላንድሮቨርም የቮልስም አለ፣ የዚህ ግን የለም። ደግነቱ ይህ ኩባንያ በየዓመቱ ሞዴል ቢቀያይርም አንድን ቦቢናና አንድን የውኃ ፓምፕ ጎማ ለብዙ ሞተሮች ይጠቀም ስለነበር፣ እሱ ከከሰረ በኋላም መለዋወጫውን የሚሠሩ ሌሎች አልጠፉም። ዕቃውን በሻንጣዋ ይዛ የመጣችው ማን መሰላችሁ? "ጣሉት" ያለችው እህቴ። ከልጆች ጫማና ከቫይታሚን መካከል ሁለት ቦቢና፣ የካርቡሬተር ዕቃና አንድ ጥቁር የጎማ ኮከብ አወጣች።

ያች የጎማ ኮከብ የሞተሩ ሕይወት ናት ብል አላጋነንኩም። ከታች፣ እግሩ ውስጥ ሆና ውኃ እየሳበች ወደ ላይ ትገፋለች፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ያ ውኃ ነው። በቆመች ቁጥር ክንፎቿ በታጠፉበት ይደርቃሉ፤ ስለዚህ ሞተሩ ተነሣም አልተነሣ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ትቀየራለች። ላንጋኖ የምትሄዱ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ተመልከቷት። ያ ቡናማ ውኃ የሚወደደው ቢልሃርዚያ የሌለበት በመሆኑ ነው፤ ቡናማ ያደረገው ግን የማይዘቅጥ ደቃቅ አፈር ነው፤ አፈሩ ጎማዋን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላታል። ጣና ላይ ደግሞ ጠላቷ እምቦጭ ነው፤ ሥሩ ፕሮፔለሩን ይጠመጥማል፣ የውኃ መግቢያውንም ይደፍናል። ከሁሉ የከፋው ግን ያለ ውኃ ማስነሣት ነው። "ለአንድ ደቂቃ ብቻ ልስማው" ብሎ በደረቁ የሚያስነሣ ሰው ጎማዋን በዚያችው ደቂቃ ያቃጥላታል።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ለመሞከር የውኃ በርሜል ያስፈልጋል። 200 ሊትር። የቦሌና የገርጂ ነዋሪ ከሆናችሁ ይህን ስታነቡ ፊታችሁ እንደሚለወጥ አውቃለሁ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር 200 ሊትር ውኃ ለሞተር መስጠት የቤተሰብ ጉባኤ የሚያስጠራ ጉዳይ ነው። ዘይት ስለሚገባበት ከዚያ በኋላ ለአትክልትም ለመጸዳጃም አይሆንም። እናቴ አባቴን ሳይሆን እኔን አየችና "እሱስ ታሟል፣ አንቺን ምን ነካሽ?" አለችኝ። መጨረሻ ላይ የፈቀደችው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ በርሜሉን ከጣሪያው አሸንዳ ሥር አድርገን በሐምሌ ዝናብ ሞላነው።

ቤንዚንም እንዲሁ። በጀሪካን መግዛት ዛሬ ቀላል ስላልሆነ ከመኪናዬ ቀዳን። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት በከተማችን ቤንዚን ላይ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የወጣ ኢታኖል ይቀላቀል ነበር፤ ኢታኖል የድሮ ጎማ ቱቦን ያለሰልሳል፣ ካርቡሬተር ውስጥ ያለውን የቡሽ ተንሳፋፊ ቅብም ያሟሟል። ቤንዚናችሁ ውስጥ ምን እንዳለ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ቱቦዎቹን ሁሉ በአዲስ መቀየር ይሻላል። ዘይቱ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከ1964 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ሞተር ከሆነ እጥፍ ይፈልጋል። ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል የሚሸጠው የሁለት ምት ዘይት ለአየር ማቀዝቀዣ ሞተር የታሰበ ነው፤ በውኃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር ቲ ሲ ደብሊው 3 የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ። አባቴ በዚህ ላይ አይደራደርም።

እናም አየሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየራችን ስስ ነው፤ ማንኛውም እንዲህ ያለ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ባለ 6 ፈረሱ ገርጂ ላይ ባለ 4 ተኩል ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ከሳሳው አየር ጋር ቤንዚኑ ስለሚበዛ ያጨሳል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል። ከፊት ያለችውን የካርቡሬተር መርፌ ትንሽ ጠበብ ስታደርጉት ይስተካከላል። ግን እዚህ አስተካክላችሁ 1,600 ሜትር ግድም ወዳለው ላንጋኖ ከወረዳችሁ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ቤንዚን ያነሰው ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ዘይትም ያነሰው ነው፤ ይግላል፣ ፒስቶኑም ሊነክስ ይችላል። መርፌዋን እዚያ ስትደርሱ መልሳችሁ ከፈት አድርጉ። አባቴ ይህን ያስተማረኝ በቁጥር አይደለም፤ "ሲያስል ጠግቧል፣ ሲያስነጥስ ርቦታል" ብሎ ነው።

የተነሣው ነሐሴ ውስጥ፣ በአንድ ዝናብ ባባራበት ጠዋት ነው። ገመዱን የሳብኩት እኔ ነኝ፤ አሥር ጊዜ ያህል ምንም የለም። ከዚያ አንዴ ተንተከተከና ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ። በርሜሉ ፈላ፣ ውኃው ወደ እናቴ ልብስ ማስጫ ተረጨ፣ የጎረቤት ውሾች ሁሉ ጮኹ። ልጄ ጆሮዋን ይዛ ትስቃለች። እኔ ደስ ብሎኝ ወደ አባቴ ዞርኩ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ነበር። "አንዱ አይሠራም" አለ።

ለእኔ ይሠራል። ለሁላችንም ይሠራል። "በአንድ እግሩ ነው የቆመው፤ የታችኛውን ካንዴላ እዪው" አለ። አጥፍተን አየነው። በንዝረቱ ሽቦው ከካንዴላው አናት ለቅቆ ተንጠልጥሏል። ሰካሁት፣ አስነሣሁት፤ ድምፁ ተለወጠ። የመጀመሪያው ጩኸት መሆኑን፣ ይሄኛው ግን ሥራ መሆኑን ያን ጊዜ እኔም ሰማሁት። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር፤ "ይሄ ነው ድምፁ" አለች። እሷም ለካ ታውቀዋለች።

በጥቅምት ባቦጋያ ወሰድነው። ከምታውቀን ቤተሰብ በተዋስነው የእንጨት ጀልባ ላይ አሰርነው። አሮጌ ሞተር ይዛችሁ ልጆች የምታሳፍሩ ከሆነ እነዚህን እባካችሁ ቸል አትበሉ፤ ለሁሉም ሰው የሕይወት አድን ጃኬት፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ ገመድ፣ ትርፍ ካንዴላና ከፕሮፔለሩ ጋር የምትቆረጠዋ የናስ ስፒል ትርፍ። ያች ስፒል ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ማርሹን ለማዳን እንድትሰበር ተብላ የተሠራች ናት፤ በብረት ሚስማር አትተኳት። ውጡ ደግሞ በጠዋት፤ ከሰዓት በኋላ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ የሚነሣው ንፋስ ቀልድ አያውቅም። እኛ ለሃያ ደቂቃ ዞርን። አባቴ ከፊት ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ሞተሩን ያያል። ከኋላው ቀዳዳ ውኃ እየተረጨ መሆኑን ደጋግሞ ጠየቀኝ።

ስንመለስ ልጄ ከጀልባው ኋላ የተዘረጋውን ቀስተ ደመና መሳይ የዘይት ቅብ አሳየችኝ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዝም አትልም። ባለ ሁለት ምት የድሮ ሞተር ከሚጠጣው ነዳጅ እስከ ሩብ የሚደርሰውን ሳያቃጥለው ነው የሚተፋው፤ ባቦጋያ ደግሞ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፣ ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ የለውም። የገባበት እዚያው ይቀራል። "እማዬ፣ ለምን የኤሌክትሪኩን አንገዛም?" አለችኝ። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላ፣ ቦሌ መንገድ ላይ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በሚፈስሱበት ዘመን እኔ ካርቡሬተር ስፍቅ መክረሜ ለእሷ ግልጽ አይደለም። የጀልባ ኤሌክትሪክ ሞተርም አለ፤ ለመዝናኛ ጀልባ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ እሱን ግዛ ነው የምለው። የእኛው በዓመት ሁለቴ፣ ለጥቂት ደቂቃ እንዲወጣ ተስማምተናል። አባቴ አልተከራከረም። ሐይቁን ትንሽ አየና "ድሮ ይህን አናስብም ነበር" አለ።

ሞተሩ አሁን ከፈረሰው ዕቃ ቤት ወጥቶ በረንዳው ላይ ነው ያለው፤ ግንባታው ሲጀመር እኔ ጋ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል፤ በማን ወገብ እንደሆነ ገና አልተወሰነም። የውጭ መጽሐፎች ከበረዶ ስለ መጠበቅ ብዙ ይላሉ፤ እኛን አይመለከትም። የእኛ ጠላት የክረምቱ እርጥበት ነው። ቱቦውን ነቅላችሁ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን እስኪያልቅ በርሜል ውስጥ አስኪዱት፣ በካንዴላዎቹ ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጉ፣ ውስጡ የቀረው ውኃ እንዲወርድ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት።

አንድ ሥራ ቀርቶናል። ከባቦጋያ መልስ የማርሹን ዘይት ስንፈትሽ እንደ ወተት ነጥቶ አገኘነው፤ ይህ ማለት የዘይት ማገጃ ጎማው አልፎበታል፣ ውኃ እየገባ ነው። ጎማው በታኅሣሥ ከእህቴ ጋር ይመጣል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ አባቴ እጄን አይቶ "ያንቺ አይገባም" አለኝና ልጄን ጠራት። አሁን ቅዳሜ ጠዋት እሱ ይናገራል፣ እሷ በደብተር ትጽፋለች። ፑንቲናን በ"ፖ" ነው የጻፈችው፤ አላረምናትም። ባለፈው ሳምንት የደረሱት ዘይት መቅዳት ላይ ነው። "ስታፈሺ የታችኛውን ብሎን መጀመሪያ ፍቺ፤ ስትሞዪም ከታች ነው የምትሞዪው፣ ከላይኛው ቀዳዳ እስኪወጣ" አላት። ለምን ከታች እንደሆነ ጠየቀችው። አየሩ የሚወጣበት እንዲያገኝ ነው ብሎ ሊያሳያት እጁን አነሣ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ እሷ ያዘችለትና ጣቱን ቀዳዳው ላይ አደረገችው።